ሳፋውን የደበቅሁ ቀን

እንግዳ ሊመጣ ሲል ቤት ይሰናዳል። እናቴ አንኮበር ላይ ያስተማረችኝ ይህን ነው። የተሰበረው ወደ ጓዳ ይገባል፤ የተቀደደው ይታጠፋል፤ የተሻለው ይነጠፋል። ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ይህ ልማድ ሰው ሊጎዳ እንደሚችል የነገረኝም አልነበረም።

ሴትዮዋ ደብረ ብርሃን የመጣችው በኅዳር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን በሚያነጣበት ሰሞን። ከሩቅ አገር ከቤቷ ተፈናቅላ፣ አንዲት የአራት ዓመት ሴት ልጅ ይዛ ነበር። መጠለያው ስለሞላ እናትና ልጅ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተጠግተዋል።

እኛ የሰፈር ሴቶች የእመቤታችን ማኅበር አለን። በየወሩ በሃያ አንድ በአንዳችን ቤት እንሰበሰባለን፤ ጽዋው በየተራ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። በዚያ ወር ዝክሩ እኔ ቤት ነበር። ሰው ሲበተን የተረፈውን ዳቦ በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድሁ። ዳቦ ለመስጠት ነው የሄድሁት። ስመለስ ሴትዮዋና ልጅቷ አብረውኝ ነበሩ። እንዴት እንደሆነ ዛሬም በደንብ አላስታውሰውም። ልጅቷ ቀሚሴን ይዛ ነበር፤ እኔም አላስለቀቅኋትም።

ባለቤቴ ከፋብሪካ ገና መግባቱ ነበር። በር ላይ ቆሞ ሦስታችንንም አየን።

«ዳቦውን በልዋጭ ነው እንዴ የሰጠሽው?» አለኝ።

ከዚያ ቁልፉን አንሥቶ ከግቢያችን ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ከፈታት። አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ናት። ልጆቻችን ካደጉና ከሄዱ ወዲህ እንጨትና ድንች ነበር የምናስቀምጥባት። ድንቹን አወጣን፤ እነሱ ገቡ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያን ቀን የከበደኝ ነገር አልነበረም።

በታኅሣሥ ማኅበሩ ተቀበላት። መሪያችንን ሙሴ ነው የምንላት፤ አሠራሩ ነው። ሙሴዋ አረጋዊት ናቸው፣ ምላሳቸው ፈጣን።

«አዲስ ገቢ ተራዋ መጨረሻ ላይ ነው» አሏት። «በነሐሴ ትዘክሪያለሽ። እስከዚያ ብዪ፣ ጠጪ፣ እኛን ታዘቢ።»

ሴትዮዋ አቀርቅራ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምትለው ለመቁጠር ያቅታል። ውሃ ስሰጣት፣ ክብሪት ስሰጣት፣ መንገድ ስለቅላት። አንድም ቀን ግን «ይህ አነሰኝ» ብላ አታውቅም። ጨው እንኳ ሲያልቅባት ያለ ጨው ቀቅላ ትበላለች እንጂ የእኔን በር አታንኳኳም። ወፍጮ ቤት እህል እያበጠረች ያገኘችውን ይዛ ትገባለች። ሥርዓቷን ወደድሁላት። እኔም እንደዚያው ነኝና።

በየካቲት የበልጉ ዝናብ ጀመረ። ለካ የሰርቪሷ ቆርቆሮ ተበልቷል። ድንች ስለማይናገር አላወቅንም ነበር። ከአልጋው ራስጌ በኩል ውሃው በግድግዳው ወርዶ ጭቃውን አጠቆረው። መካከል ላይ ደግሞ ጠብ፣ ጠብ ይላል። የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬን ሰጠኋት። ሳፋው ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ሲሞላ ይደፋል፣ ተመልሶ እዚያው ይቀመጣል። ልጅቷ መሳል ጀመረች። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ መድኃኒት ሰጠችንና «ዋናው ነገር ከእርጥበት አርቋት» አለችን። «ክረምቱ በዚህ ደረት ከገባ አስቸጋሪ ነው።»

ከእርጥበት የምናርቅበት ሌላ ክፍል አልነበረንም። እኛም የምንተኛው ባንድ ክፍል ነው። ቆርቆሮ መግዛት ደግሞ በዚያ ዓመት የሚታሰብ አልነበረም።

በመጋቢት ቀበሌው ስብሰባ ጠራን። የቀበሌው ሠራተኛ ልጅ እግር ነው፤ ትሑት ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይናገራል። በሰው ቤት ተጠግተው ላሉ ተፈናቃዮች ቆርቆሮ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ሊሰጥ መሆኑን ነገረን። ቤቱ ታይቶ ነው የሚወሰነው አለ።

«ማነው የሚሰጠው? መንግሥት ነው?» አሉ ሙሴያችን።

«አይደለም እማማ። ጎረቤት አገሮች በጋራ ያቋቋሙት ድርጅት ነው። አገሮቹ ተሰባስበው አንዱ ሲቸገር ሌላው የሚደርስበት ነው።»

«የትኞቹ ጎረቤቶች? እነሱስ ዝናብ ጠፍቶባቸው ሲጨነቁ በሬዲዮ የሰማሁ መሰለኝ።»

«አዎ፣ እነሱም ይቸገራሉ።»

«ተቸግረው ነው ለእኛ የሚሰጡት?»

ከኋላ የተቀመጠች የማኅበራችን ሴት «ምን ይገርማል? ከእኛስ ማኅበር ሀብታም ማን አለ?» አለች።

«እንግዲያውስ» አሉ ሙሴያችን፣ «ጽዋው ዘንድሮ የማን ተራ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልጁ ግራ ገብቶት ወረቀቱን አየና «ጽዋ እዚህ ላይ የለም እማማ። ቆርቆሮ ነው» አለ።

እኔም ከሳቁ በኋላ ግራ ገባኝ። ቀበሌን አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያንን አውቃለሁ። ከባሕር ማዶ የሚመጣ እርዳታም በልጅነቴ አይቻለሁ። ይህ ግን ከሁሉም ያልሆነ፣ በመካከል ያለ ነገር ነው። በጸሎት ጊዜ ማን ብዬ እንደምመርቃቸው ቸገረኝ። «ጎረቤቶቻችንን» ብዬ ተውሁት።

የሚመጡበት ቀን ሲነገረን በማለዳ ተነሣሁ። ሰርቪሷን ጠረግን። ከአልጋዬ ላይ ደህናውን ብርድ ልብስ አምጥቼ በሴትዮዋ አልጋ ላይ አነጠፍሁ። ከጎረቤት ፍራሽ ተዋስሁ። ግድግዳው ላይ ውሃ የወረደበትን ጥቁር ቦታ ምን እንደማደርገው ሳስብ ቤቴ የተሰቀለው ካላንደር ትዝ አለኝ፤ የእመቤታችን ሥዕል ያለበት ነው። አምጥቼ እዚያ ላይ ሰቀልሁት። ልክ ሸፈነው። ሳፋውን አነሣሁና ወደ ዋናው ቤት ወስጄ አልጋ ሥር አስገባሁት።

ሴትዮዋ ዳቦ ጋገረች። የሁዳዴ ጾም ቢሆንም እንግዳ ባዶ አፉን አይሄድም።

ሦስት ሆነው መጡ፦ የቀበሌው ልጅ፣ ታብሌት የያዘች ወጣት ሴትና አንድ ረዘም ያለ ጠይም ሰው። ሰውየው ከጎረቤት አገር ነው፤ መልኩ የእኛን ሰው ይመስላል፤ አማርኛ ግን አይችልም። ወጣቷ ታስተረጉምለታለች።

«ቤታችሁ ደስ ይላል» አለች ወጣቷ ስትገባ። እኔም ደስ አለኝ። ሞኝነቴ።

«እኅቴ» አለቻት ሴትዮዋን፣ «ምን ጎድሎሻል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም። እንደ እናት ይዘውኛል።»

«ብርዱስ?»

«ብርድ ልብስ አለ።» የእኔን ብርድ ልብስ በእጇ ነካ አደረገችው።

«ጣሪያውስ?»

ሴትዮዋ እኔን አየች። እኔም እሷን አየሁ። «ደህና ነው» አለች።

ወጣቷ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ እናቴ፣ ሰው ማስጠጋቱ አልከበደዎትም?»

«የእግዚአብሔር እንግዳ ይከብዳል እንዴ? ተመስገን፣ አልከበደንም።»

ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገች። ሰውየው አቀርቅሮ ወለሉን ያያል። ዓይነ አፋር መሰለኝ። ዳቦውን ግን በደንብ በላ።

ከሄዱ በኋላ ከሰዓት ዘነበ። ሳፋውን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ስመልሰው ሁለታችንም ሳቅን። ጥሩ አድርገን የተቀበልናቸው መስሎን ነበር።

ከፋሲካ በኋላ የስም ዝርዝሩ ቀበሌ ቦርድ ላይ ተለጠፈ። ማንበብ ስለምችል ራሴ ሄጄ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አየሁት። የእኛ ቤት የለም። ከእኛ በታች ያለችው ጎረቤቴ፣ ዘመዶቿን ያስጠጋችው፣ አለች። ፍራሹን ያዋሰችኝ እሷ ናት።

«እኔ እኮ አለቀስሁላቸው» አለችኝ። «ድስቱን ሁሉ ገልብጬ አሳየሁ። አንቺ ቤትሽን ሠርግ አስመስለሽ፣ በእኔ ፍራሽ ላይ አስቀምጠሽ፣ ምን ልትቀበዪ ነው?»

ልክ ነበረች። ግን ደግሞ እኔ ድስት ገልብጬ ማሳየት አልችልም። አልተማርሁትም።

ሴትዮዋ ዝርዝሩን ስነግራት አልተከፋችም፤ ወይም አላሳየችኝም። በሳምንቱ ግን ልጅቷን አቅፋ መጣች።

«እትዬ፣ መጠለያው ውስጥ ቦታ ተገኘ ይላሉ። ሰኔ ሲገባ እንሄዳለን።»

«ለምን? ምን አደረግንሽ?»

«ምንም። እግዜር ይስጥልኝ። ግን እዚያ ያለ ሰው ይቆጠራል። ለልጅቷ የሚደርሳት ነገር ካለ እዚያ ይደርሳታል።»

«በክረምት? በድንኳን?»

ልጅቷ ሳለች።

«የነሐሴው ዝክርስ?»

«ድንኳን ውስጥም ይዘከራል» አለችኝ።

በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ ቀበሌ ሄድሁ። ቅሬታ የሚባል ነገር በሕይወቴ አቅርቤ አላውቅም። የቀበሌው ልጅ ወንበር ሰጠኝ። ዝርዝሩን እነሱ እንዳላወጡት ነገረኝና ወደ ሌላ ቢሮ ላከኝ። እዚያ ደግሞ ወደ ሌላ ቢሮ። በሦስተኛው ቢሮ ያገኘሁት ጎልማሳ «ይህ ከእኛ በላይ ነው» ብሎ ጣቱን ወደ ላይ አነሣ። እኔም ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። የእነሱ አያፈስም።

«ዋናው ቢሮ የት ነው?» አልሁት።

«ሌላ አገር ነው እናቴ።»

«እዚያ ያለ ሰው የእኔን ሰርቪስ በምን ያውቃታል?»

«እናንተ በተናገራችሁት ነዋ።» ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ። «ይኸው፣ ‹ምንም አልጎደለም› ይላል። ‹ጣሪያው ደህና ነው› ይላል። እኔ ምን ብዬ ልለውጠው?»

የራሳችን ቃል ነው። ሰው አልጨመረበትም፣ አልቀነሰበትም። ወጥቼ መንገድ ላይ ቆምሁ፤ ወደ ቤት የሚወስደው በየት በኩል እንደሆነ ለጥቂት ጊዜ ጠፋብኝ። ሠላሳ ዓመት በኖርሁበት ከተማ።

ቅዳሜ በሚኒባስ አንኮበር ወረድሁ። የነፍስ አባቴ እዚያ ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። ጉሙ ገደሉን ሁሉ ሞልቶት ነበር፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ ነው የነዳው። አባ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ካላንደሩንም ጭምር። እመቤቴን የእርጥብ ግድግዳ መሸፈኛ ማድረጌ ከሁሉ በላይ ከብዶኝ ነበር።

«አባቴ፣ ተመስገን ማለት ውሸት ይሆናል?» አልኋቸው።

አቀረቀሩ። የሚቆጡኝ መሰለኝ። ከዚያ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየሳቁ ነው።

«አባቴ?»

«ልጄ፣ ቀና ብለሽ እይ።»

አየሁ። ከደጀ ሰላሙ ጣሪያ በአንድ በኩል ሰማይ ይታያል።

«ባለፈው ዓመት ሰዎች መጥተው ‹ቤተ ክርስቲያኑ የሚያስፈልገው ነገር አለ?› ብለው ጠየቁኝ። ‹በእግዚአብሔር ቤት ምን ይጎድላል!› አልኋቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። ይኸው እኔም ዣንጥላ ዘርግቼ ነው የምቀመጠው።»

እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ግን እንባዬ መጣ። ጥያቄዬን ደገምሁላቸው።

«አላውቅም ልጄ» አሉኝ። «በየቀኑ ለፈጣሪ እንጀራ ስጠን ብለን እንለምናለን። አናፍርም። ለሰው ጎደለኝ ማለት ነው ያቃተን። ትሕትና ነው ብዬ ኖርሁ። ኩራት ይሆን? እኔም ግራ ገብቶኛል። እስኪ አንቺ ካወቅሽው ንገሪኝ።»

ንስሐ አልሰጡኝም። መልስም አልሰጡኝም። ስነሣ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ያቺ ሴት ጣሪያው ደህና ነው ያለችው ጣሪያው የማን ስለሆነ ነው?»

ሚኒባሱ ጉሙን አልፎ ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ እስኪወጣ ይህን ነው ያሰብሁት። ጣሪያው የእኔ ነው። በእኔ ፊት፣ እኔ ቆሜ እየሰማሁ፣ «ያፈሳል» ብትል አስጠግቼ ያበላኋትን ሴት በእንግዳ ፊት ማዋረድ ነው። ስለዚህ የልጇን ሳል ዋጠችው። እኔ ደግሞ በካላንደር ሸፈንሁላት።

በግንቦት መጨረሻ የቀበሌው ልጅ እየሮጠ መጣ። «እናቴ፣ ነገ ተመልሰው ይመጣሉ። አንዳንድ ቤት እንደገና ሊያጣሩ ነው። የእናንተም አለበት።»

«በእኔ ቅሬታ ነው?»

«አይ፣ ቅሬታው ገና አልደረሰም።»

ታዲያ በምን? ልጁም አላወቀም።

በማግስቱ ሴትዮዋ ማልዳ ወለሉን ልትለቀልቅ እበት አዘጋጅታ አገኘኋት። ተዪው አልኋት። ብርድ ልብሴን ከአልጋዋ ላይ አነሣሁ። ፍራሹ ቀድሞም ተመልሷል። ካላንደሩን ስሜ ካወረድሁት በኋላ ጥቁሩ ግድግዳ ወጣ። በመጨረሻ ሳፋውን መካከል ላይ አስቀመጥሁ። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ከሥሩ ያለው መሬት እንደራሰ ነው።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ?» አለችኝ። «እንግዳ እኮ ነው የሚመጣው!»

«አውቃለሁ።»

«እንዲህ ሆኖ ይገቡበታል?»

ፊቴ ይፋጅ ነበር። ቤቴን በአደባባይ ያራቆትሁት ያህል ተሰማኝ። ትክክል ይሁን ስህተት አላወቅሁትም። ዳቦ ግን አስጋገርኋት።

እነዚያው ሦስት ሰዎች መጡ። ወጣቷ ጥያቄውን ከመጀመሪያው ጀመረች።

«እኅቴ፣ ምን ጎድሎሻል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አል...»

«ቤቴ ያፈሳል» አልሁ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«ቤቱ የእኔ ነው። ያፈሳል። እሷ ስለምታፍርልኝ ነው ደህና ነው የምትለው። ልጅቷ ከየካቲት ጀምሮ ትስላለች። ያን ቀን ያያችሁት ብርድ ልብስ የእኔ ነው፤ ፍራሹ የጎረቤት ነው። ግድግዳውን በሥዕል ሸፍኜው ነበር። ጻፊው ልጄ።»

ሴትዮዋ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ወጣቷ ለሰውየው ትነግረው ጀመር። ሰውየው ሳፋውን አየ፤ ከዚያ ፈገግ አለና ረጅም ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አልኋት።

«‹ያን ቀን ወለሉ ላይ የሳፋውን ክብ ምልክት አይቼ ነበር፤ ረጥቦ ነበር› ይላል። እኔስ ራሴ አላየሁትም ነበር። ‹ያልነገሩኝን መጻፍ ስለማልችል እንደገና ይታይ ብዬ ነው የላክሁት› ይላል።»

«በምን አወቀው?»

ጠየቀችው። መልሱን ስትሰማ እሷም ሳቀች።

«‹እናቴም እንግዳ ሲመጣ ባልዲውን ትደብቃለች› ይላል።»

እዚያ ላይ ሴትዮዋ ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች። ሰውየውን በደንብ አየችው። ሰኔ ሲገባ እንሄዳለን ያለችውን ከዚያ ቀን በኋላ አላነሣችውም፤ እኔም አላስታወስኋትም።

ቆርቆሮው የመጣው በሐምሌ፣ ዝናቡ መሬቱን ካጠገበ በኋላ ነው። እስከዚያ ልጅቷን እኛ ክፍል፣ በእኔና በባለቤቴ መካከል አስተኛናት። ለጠቅላላው ጣሪያም አልበቃም። ሙሴያችን ይህን ሰምተው በማኅበሩ ላይ «እቤቷ አሮጌ ቆርቆሮ ያላት ታምጣ፤ ቀዳዳ ያለውን ግን አታምጣ፣ እሱማ እዚያም ሞልቷል» አሉ። አንዷ ከዶሮ ቤቷ ነቅላ አመጣች። ባለቤቴ ወጥቶ መታው። ግማሹ አዲስና የሚያብረቀርቅ፣ ግማሹ ዝገት የነካው ነው። ውሃ ግን አያሳልፍም። ልጅቷን ሳሉ ለቀቃት፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁንም ግን አልጠራልኝም። ሌላ አገር ያለው ቢሮ ነው የረዳን? ወለል አይቶ የሄደው ሰው ነው? የዶሮ ቤቷን ያፈረሰችው ናት? ሳፋውን መደበቄ ኃጢአት ከነበረ፣ ያ ሰውዬ እናቱ ባትደብቅ ኖሮ ምልክቱን በምን ያውቀው ነበር? አባ «ካወቅሽው ንገሪኝ» ብለውኛል። እስካሁን የምነግራቸው የለኝም። ስጸልይ ሁሉንም እጠራለሁ፤ ስማቸውን የማላውቃቸውንም።

በነሐሴ ሃያ አንድ ሴትዮዋ ዘከረች። በሰርቪሷ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀመጥን። ወለሉን ለቅልቃው ስለነበር የሳፋው ምልክት የለም። ውጭ ዶፍ ነበር፤ ሙሴያችን ለካህኑ ጸበል ጸዲቁን እያቀረቡ በየመካከሉ ቀና ብለው ጣሪያውን ይቃኙ ነበር።

እኔ በሩ አጠገብ ነበርሁ። ሴትዮዋ ከምድጃው ጎን ድስቱን ከፍታ ቀመሰች። ፊቷ ተለወጠ። ጎንበስ ብላ ዕቃዎቹን ፈለገች፤ ቆመች፤ እኔን አየች፤ መልሳ ድስቱን አየች። አወቅሁት። ዝም ልትል ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«እትዬ!» አለች፣ ማኅበሩ ሁሉ እየሰማ። «ጨው አልቆብኛል። ይስጡኝ።»

ሙሴያችን «ኧረ በይ ተነሺ፣ ምን ትገተሪያለሽ?» አሉኝ።

በዝናቡ ውስጥ ሮጥሁ። ያለኝን ጨው ሁሉ ከነዕቃው ይዤ መጣሁ።